እትዬ አስካለና ያልነበረችው ሐኪም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ለእናቴ ከምልከው የአምስት መስመር ደብዳቤ በቀር ማለቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው መሐል መናገርም አልወድም። የሴቶች ማኅበራችን ጸሐፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ደውለው እትዬ አስካለ ኤድመንተን ልጃቸው ዘንድ ማረፋቸውን ሲነግሩኝ፣ ለአርባቸው ትንሽ መጽሔት ስለሚታተም አንድ ገጽ እንድጽፍ ጠየቁኝ። አልችልም አልኩ። «እሳቸው ይህን ቢሰሙ ምን ይሉሽ ነበር?» አሉኝ። እትዬ አስካለ «ሞክረሽዋል ወይ?» ነበር የሚሉት። አልሞከርኩም ነበርና እሺ አልኩ። አንድ ገጽ ግን አልበቃኝም።

እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው ቶሮንቶ በመጣሁ በአምስተኛው ወር ነው። መሐል ከተማ ያለ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ የብርጭቆ ዕቃ አጣቢ እንደሚፈልግ በማኅበሩ በኩል ሰማሁ። ዕቃ ማጠብ ከሆነ የኔ ሥራ ነው ብዬ ከምኖርበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ በአውቶቡስና በባቡር ሄድኩ። በር ላይ የተቀበሉኝ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማያልፍ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የወንድ ሰዓት ያሰሩ ሴትዮ ነበሩ። ስሜን ጠየቁኝ። ዝናሽ አልኩ፤ አልሰሙኝም። ደግሜ አልኩ። «ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አሉኝ። የመጀመሪያ ንግግራችን ይኸው ነበር።

የምናጥብበት ክፍል መስኮት የለውም። ሁለት ሰፊ ሲንክ፣ በግድግዳው ላይ ሹል ሹል ቀንድ ያለው መደርደሪያ፣ አንድ ማድረቂያ ማሽን፣ ሌላ ምንም የለም። ተመራማሪዎቹ የሠሩባቸው ጠርሙሶች በትልልቅ ሣጥን ይመጣሉ፤ እኛ አጥበን እንመልሳለን። እኔ ስደርስ እትዬ አስካለ እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት አጥበው ነበር። አገር ቤት ጤና ረዳት ነበሩ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ሲደርሱ ወረቀታቸው አልሠራም፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩኝ፣ እንደ ተራ ነገር። ሲያዝኑበት አላየሁም።

አንድ ጠርሙስ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ሰባት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውኃ ይለቀለቃል። እሳቸው ይህን የሚቆጥሩት በግዕዝ ነበር፤ አባታቸው ደብተራ ነበሩ። «አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ...» እያሉ ሲቆጥሩ ማንም አያናግራቸውም። ኃላፊያችን ዴቪድ እንኳ ድንገት ቢገባ አንድ ጣታቸውን ያነሡበታል፤ እሱም ይቆማል። ቁጥሩ ከጠፋባቸው ከአሐዱ ይጀምራሉ። አንድ ቀን የእሳት ደወል ጮኸ። ሰው ሁሉ በደረጃ ሲወርድ እሳቸው ኀምስቱ ላይ ነበሩ፤ ሰብዓቱ ሳይሉ ከክፍሉ አልወጡም። ውጭ በረዶ ላይ ቆመን ዴቪድ ሊቆጣቸው ሲሞክር፣ «እሳቱ ውሸት ነበር፤ ጠርሙሱ ግን እውነት ነው» አሉት። በእንግሊዝኛ ሲሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሳቀ።

አጥበው ሲጨርሱ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ ያደርጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ደስ ካላቸው ምንም አይሉም። ደስ ካላላቸው ደግሞ ልክ ሰው እንደሚወቅሱ ሁሉ «አንተ ገና ነህ» ይሉታል።

በአራት ሰዓት ዕረፍት ላይ ከቦርሳቸው አንድ ወፍራም ደብተር ያወጣሉ። ስለ ጥንት ዘመን ሴት ሐኪሞችና ጥበበኞች ያነበቡትን የሚጽፉበት ደብተር ነው። መጻሕፍቱን ሪጀንት ፓርክ ቤታቸው አጠገብ ካለው ቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ፣ በአጉሊ መነጽር እያነበቡ፣ ወደ አማርኛ መልሰው ይገለብጣሉ። እንዴት እንደጀመሩት ጠይቄአቸው ነበር። ከዓመታት በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሴት ሐኪም የዘመን አመጣሽ ነው፣ ጥንት አልነበረም ብሎ ሲናገር ሰሙ። የሚመልሱበት ማስረጃ አልነበራቸውም። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድም እሳቸው መፈለጉን አልተዉትም።

ታፑቲ ስለምትባል ሴት የነገሩኝ እዚያው ሲንክ አጠገብ ተቀምጠን ነው። ከክርስቶስ ልደት ብዙ ዘመን በፊት በመስጴጦምያ ቤተ መንግሥት ሽቶ የምትቀምም አለቃ ነበረች። አበባውን፣ ዘይቱንና ጥሩ መዓዛ ያለውን ሸምበቆ በውኃ ታፈላለች፣ ታጠልላለች፣ መልሳ ታፈላለች፤ ይህም በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። እትዬ አስካለ የወደዱት ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ሽቶ የሚቀመምበት ዕቃ ከወጥ ቤት ዕቃ የመጣ ነው፤ ድስትና ማጥለያ። «እንግዲህ አስቢው» አሉኝ። «ድስቱን ማን አጠበላት? ጽላቱ ይህን አይናገርም። ግን ድስቱ የትናንቱን ቢሸት ኖሮ የዛሬው ሽቶ ይበላሽ ነበር። እሷም ጽላት ላይ አትወጣም ነበር።»

በጥንቷ አቴንስ ስለኖረች አንዲት አዋላጅና ሐኪምም ነግረውኛል። መቃብሯ ላይ ማንንም እንዳላሳዘነችና ስትሞት ሁሉም እንደናፈቃት ተጽፎላታል። እትዬ አስካለ ይህን አንብበው ደብተሩን ዘጉና፣ «የኔ ላይ ይህን እንዳትጽፉ፤ ብዙ ሰው አሳዝኛለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ተቆጪ ነበሩ። ዘግይቼ ስገባ ሰዓታቸውን አውልቀው ሲንኩ ጫፍ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ ሌላ አይናገሩም፤ ያ ይበልጥ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳልጽፈው ብቀር ስለ እሳቸው የጻፍኩት ሁሉ ግማሽ ይሆናል።

በመጀመሪያው ክረምቴ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወደ ሕክምና መሄድ ጀመሩ። ከሰዓት ብቻዬን እቀራለሁ። ጠርሙሶቹን እንዳስተማሩኝ አጥቤ፣ ቆጥሬ፣ መደርደሪያው ቀንድ ላይ ገልብጬ እሰቅላለሁ። ወደ ማድረቂያው እስኪገቡ የውኃ ነጠብጣብ እያንጠባጠቡ ይቆማሉ። ይህ ለኔ ነውር ነበር። ቤይሩት የነበረችው ማዳሜ ብርጭቆ ላይ አንድ ጠብታ ካየች ሁሉንም እንደገና ታሳጥበኝ ነበር፤ አገር ቤትም ቢሆን እርጥብ ብርጭቆ ለሰው የሚያቀርብ ቤት ምን ይባላል? ስለዚህ ከቤቴ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አመጣሁ። ጥሩ ሽታ ባለው የልብስ ማለስለሻ ያጠብኩት፣ ለስላሳ ጨርቅ። እያንዳንዱን ጠርሙስ ከውስጥም ከውጭም ወልውዬ፣ አብርቼ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ። እሳቸውን ያገዝኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጨርቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ግን ራስን ማሞገስ መስሎ ታየኝና ተውኩት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ፕሪያ የምትባል ተማሪ ነበረች፤ ለዶክትሬቷ ሕዋስ የሚሏቸውን በዓይን የማይታዩ ነገሮች በጠርሙስ ውስጥ ታሳድጋለች። ሁልጊዜ በስማችን የምትጠራን እሷ ብቻ ነበረች። ያን ክረምት ሕዋሶቿ ይሞቱባት ጀመር። መጀመሪያ ራሷን ጠረጠረች። አሠራሯን ቀያየረች፤ አሁንም ሞቱ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። እስከ ፀደይ ካልተሳካላት ጥናቷን እንድትቀይር ፕሮፌሰሯ እንደነገራት ሰማን። ፊቷ ገርጥቶ፣ ምሳዋን ሳትበላ መልሳ ስትከድነው አይቻለሁ።

አንድ ሰኞ ጠራችን። ዴቪድም ነበር። በማይክሮስኮፕ እንድናይ ጋበዘችን፤ እትዬ አስካለ አዩ፣ ቀጥሎ እኔ። በብሩሁ ክብ መሐል አንድ ረጅም ነገር ተኝቷል። ክር ነው። የጥጥ ክር። ከዚያም ፕሪያ ሳሙና የሚመስል ነገርም ጠርሙሶቹ ውስጥ እንዳገኘች ተናገረች፤ ማንንም ለመክሰስ እንዳልሆነ እየደጋገመች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ክሩ ከጨርቄ፣ ሳሙና የሚመስለውም ከማለስለሻው ነው።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው፣ «በእኛ ክፍል ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ እኔ ኃላፊ ነኝ» አሉ።

ጨርቁ በክፍላችን በር ኋላ በተሰቀለው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። ሁሌም ቃል አይወጣኝም፣ ግን ያን ዕለት ያልወጣው በዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም። ሥራው ከእጄ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ይበልጥ ግን የእሳቸውን ፊት ፈራሁ።

ዴቪድ ክፉ ሰው አይደለም። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለን ለብቻቸው ጠርቶ፣ ምናልባት ክሩ ከሹራባቸው እጅጌ ሊሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም ዓይናቸው እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ብዙ ጊዜ እንደሆነ በለዘብታ ነገራቸው። በወሩ መጨረሻ እንደገና እንነጋገር አላቸው። ይህን የነገሩኝ ጓንታቸውን እያጠለቁ ነው። ዳር ዳሩን ወደ ላይ አጠፉት፤ ውኃ ወደ ክንዳቸው እንዳይወርድ ሁልጊዜ እንዲያ ያደርጋሉ። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ አጠፉት።

ጨርቁን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካሁትም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ግን የወለወልኳቸው ነበሩ። የፕሪያም ሕዋሶች መሞታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ዐሥራ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በነዚያ ቀናት እትዬ አስካለ ሹራባቸውን አውልቀው በስስ ሸሚዝ ይሠሩ ጀመር፤ ክፍሉ ይበርዳል። ሰባቱን ዐሥራ አራት አደረጉት። ቆጥረው ሲጨርሱ ቆም ይሉና፣ ሰብዓቱ ማለታቸውን ይጠራጠራሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንሥተው አንድ ዓይናቸውን ከጨፈኑ በኋላ ወደ እኔ መዘርጋታቸው ነው። «እስቲ አንቺ እዪልኝ፤ ነጥብ አለው?» ይሉኛል። የለውም እላለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» አዎ እላለሁ። ለዓይን ሐኪም አፖይንትመንት እንደያዙም ነገሩኝ። እኔ ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ እነሣለሁ፣ ባቡር ውስጥ ቃሉን እደረድረዋለሁ፣ በሩን ስከፍት ይጠፋብኛል።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ የማኅበራችን ስብሰባ ነበር። የምንሰበሰበው ዳንፎርዝ ካለ አንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው። እትዬ አስካለ በየወሩ ስብሰባው ሲያልቅ ሩብ ሰዓት ከደብተራቸው ያነቡልናል። ያን ዕለት ግን ገና ስብሰባው ሳይጀመር እጃቸውን አነሡ።

«እኅቶቼ» አሉ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ስሕተት ስነግራችሁ ኖሬአለሁ።»

እንዲህ ሲሉ አስረዱን። የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ሜሪት-ፕታህ የምትባል ግብፃዊት ናት፣ መልኳም በመቃብር ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል ብለው ነግረውን ነበር። የወሰዱት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ከሌላ መጽሐፍ ወስዶት ነበር። ሰሞኑን ዓይኔም ጭንቅላቴም ያታለለኝ እንደሆነ ብለው ደብተራቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ሲያጣሩ፣ የተማሩ ሰዎች ያችን ሐኪም ፈልገው እንዳጧት አነበቡ። ሳትምታታ አልቀረችም። ከማን ጋር ቢሉ፣ ፔሴሼት ከምትባል ከሌላ ግብፃዊት ጋር። ፔሴሼት ግን በርግጥ ነበረች። ልጇ ነው በሚባል ሰው መቃብር ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ፣ የሴት ሐኪሞች አለቃ ተብላ ስሟ ተቀርጿል።

ወይዘሮ እልፍነሽ ቀልደኛ ናቸው። «ታዲያ ምን ይሁን እትዬ አስካለ? ላልተወለደች ሴት ተዝካር እናውጣ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷም ከኋላ ሆና፣ ልጇ ለትምህርት ቤት ስለ ሜሪት-ፕታህ ጽፋ ጥሩ ማርክ እንዳገኘች፣ አሁን ማርኩ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ አስካለም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላዋ፣ ሴት ሐኪም ከነበረች ይበቃል፣ ስሟ ማንም ይሁን ማን ምን ለውጥ አለው ስትል ፊታቸው ተለወጠ።

«የአንቺን ሥራ ለጎረቤትሽ ብሰጠው ምን ይሰማሻል?» አሏት። «ፔሴሼት ሠርታ፣ ላልነበረች ሴት ስናጨበጭብ ኖርን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማረም ያለብኝም እኔ ነኝ።» ከዚያ የቀሩትን አባላት ስም ዝርዝር ከወይዘሮ እልፍነሽ ተቀበሉ፤ ለያንዳንዳቸው ኮል አድርገው ሊነግሩ ነው። ካልጋሪ ለሄደችው ሳይቀር።

እኔ ጥግ ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ለዓይናቸው እየፈሩ፣ በዚያ ፍርሃት የተነሣ ዐሥራ አንድ ዓመት የደከሙበትን ደብተር እያፈረሱ፣ ሰው ሁሉ ፊት ቆመዋል። ያን ሁሉ ያመጣው የኔ ጨርቅ ነበር። የሰው ሥራ ለሌላ መስጠት ይህን ያህል ካስቆጣቸው፣ እኔ የሰጠኋቸው የራሴን ጥፋት ነው።

ከስብሰባው በኋላ ብሮድቪው ጣቢያ ድረስ አብረን ሄድን፤ ከዚያ በዳንደስ ትራም ወደ ሪጀንት ፓርክ ላደርሳቸው ነው። ወንበር አግኝተው ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ትራሙ ቁልቁለቱን ሲጀምር ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቃል ሊወጣኝ እንደማይችል ስለማውቅ ጨርቁን አወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

አዩት። አነሡት። አሸተቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የምወለውልበት ነው።»

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን። እርስዎ ሐኪም ቤት በሚሄዱ ጊዜ። እርጥብ ማስቀመጥ ነውር መስሎኝ።»

ሁለት ፌርማታ ያህል ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ያያሉ። እኔ ወንዙን ስንሻገር እንኳ አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ጫማቸውን ነበር የማየው። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አለቀሱ ብዬ ቀና ስል እየሳቁ ነው፤ እንባቸው ግን ይወርዳል።

«እንግዲያስ ዓይኔ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው እትዬ።»

«ጭንቅላቴስ? ሰብዓቱ ስል ሰባት ነበር?»

«ሰባት ነበር። እኔም አብሬዎት እቆጥር ነበር።»

«እፎይ» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ለልጄ ነግሬአታለሁ። አሁን ደውዬ ገና ነኝ ልበላት።» ከዚያ ጨርቁን አጣጥፈው መለሱልኝ። ይቅርታ ስላቸው በእጃቸው አቋረጡኝ። ያን ቀን ስለ ይቅርታ መስማት አልፈለጉም፤ ይቆጡኛል ብዬ ብጠብቅም አልተቆጡም። ብቻ ከትራሙ ሲወርዱ፣ ለእሳቸው መንገሬ ለእሳቸው እንደሚበቃ፣ ለፕሪያ ግን እንደማይበቃ፣ እሳቸው ሊናገሩልኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። «አጠገብሽ እቆማለሁ። አፍሽን ግን አላውስሽም» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቆሙም። ፕሪያና ዴቪድ ፊት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፤ ያለኝን አወጣሁት። እኔ፣ ጨርቅ፣ ከውስጥ፣ ከውጭ፣ ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ፣ እሳቸው አያውቁም። ይህን ያህል ብቻ ነው። ከቤት ስወጣ እንደምባረር ቆርጬ ስለነበር የመቆለፊያ ሣጥኔን ቁልፍ አብሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር።

ፕሪያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያመማት መሰለኝ። ለካ እፎይታ ነው። «እንግዲህ አሠራሬ ልክ ነበር?» ትላለች ደጋግማ። «ስሕተቱ የኔ አልነበረም?» ሁለት ወሯ እንደባከነ እየሰማች እንዲህ ሰው ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ተነሥታ አቀፈችኝ፤ እኔ እጄን የት እንደማደርግ አላወቅሁም።

ዴቪድ ጨርቅ እንደማይገባ ማን ነግሮኝ እንደነበር ጠየቀ። እኔ መልስ ከመፈለጌ በፊት እትዬ አስካለ ደብተራቸውን ከፍተው የጻፉትን አሳዩት፤ በአማርኛ ስለሆነ አነበቡለት። እሑድ ማታ የጻፉት ነው። ዝናሽን ሁሉንም አስተማርኳት፤ መወልወል ክልክል መሆኑን ግን አልነገርኳትም፤ ማንም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር፤ ይህ የኔ ጉድለት ነው ይላል። ዴቪድ ቁልፌን ወደ እኔ ገፋው። ስለ ሹራባቸውና ስለ ዓይናቸው ያለውን ደግሞ እትዬ አስካለን ይቅርታ ጠየቃቸው።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ለሦስት ሆነን በሁለት ቀን እንደገና አጠብን። ፕሪያም እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። በግዕዝ መቁጠር ካልተማረች እንደማትነካ ስለተነገራት ሠለስቱ ላይ እየተንተባተበች ስታስቀን ዋለች። ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት እየሮጠች መጥታ በስልኳ ፎቶ አሳየችን። ለኔ ክብ ክብ ነገር ነው። ለእሷ ግን በሕይወት ያሉ ሕዋሶች ናቸው።

እትዬ አስካለ የዓይን ቀጠሮውን አልሰረዙትም ነበር። ሐኪሙ ዓይናቸው ጤነኛ መሆኑን፣ መነጽራቸው ግን እንደደከመ ነገራቸው። አዲሱን መነጽር አድርገው ቀጥታ ዴቪድ ቢሮ ገቡና፣ ጥቂት እውነት እንደነበረው ራሳቸው ነገሩት። ይህን ባይነግሩት ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን አብረን ሠራን። ወደ ኤድመንተን የሄዱት ማንም ሳይገፋቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ በራሳቸው ፈቃድ ነው። በመጨረሻው ቀናቸው ክፍሉን ለእኔ እንዲሰጠኝ ለዴቪድ የነገሩት እሳቸው መሆናቸውን የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። አሁን አዲስ የመጣች አንዲት ሴት አብራኝ ታጥባለች፤ የማስተምራትም እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ከሳሙናው በፊት ስለ ጨርቁ ነገርኳት። ክልክል ነው ብቻ አላልኳትም፤ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። እንዲህ ረጅም ነገር ለማላውቀው ሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለእትዬ አስካለ ደውዬላቸው ነበር። ፈርቼ ነው የደወልኩት። ሰው ማስተማር እንደማልችል፣ ስድስተኛ ክፍል ብቻ እንደሆንኩ፣ የማላውቀውን ብጠየቅ እንደምደነግጥ ነገርኳቸው። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ሾርባ እያበሉ ነበርና በመሐሉ «አፍሽን ክፈቺ» ሲሉ ለኔ ይሁን ለሕፃኗ አልለየሁም። ድምፃቸው ደህና ነበር። ፕሪያ ጥናቷን እንደጨረሰች ነግሬአቸው ደስ አላቸው። በዚያው ሳምንት በእንቅልፋቸው እንዳረፉ ልጃቸው ለወይዘሮ እልፍነሽ ደውላ ነግራቸዋለች፤ ሳይሠቃዩ።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት «ብሳሳትስ እትዬ?» አልኳቸው።

«ትሳሳቻለሽ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ለኔ አትደውዪ። እኔ ሩቅ ነኝ፤ እዚያው ላሉት ንገሪያቸው።»